ገቢ የማያስገኝ ውሃ ምንድን ነው?

ዝናብ ቀርቶ የጉድጓድ ውሃ ሲሸሽ፣ ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ላይ «ውሃ በቁጠባ ተጠቀሙ» የሚል ማሳሰቢያ ይወጣል። ከማሳሰቢያው ጀርባ ሁልጊዜ አንድ መልስ ይከተላል፦ «ገቢ የማያስገኝ ውሃ 40 በመቶ ነው ብላችሁ ራሳችሁ ታምናላችሁ። ግማሽ ያህሉን መንገድ ላይ እያፈሰሳችሁ እኛን በጣሳ ታጠቡ አትበሉን። የእናንተ ቀዳዳ እስኪደፈን እኛ ብንቆጥብ ምን ዋጋ አለው?» ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው የተሰበረ ቧንቧ አስፋልት ላይ ሲፈስ አይቶ ቢቆጣ እውነት አለው። ስሌቱ ግን የተሳሳተ ነው። ይህ ስህተት ደግሞ ነዋሪውን ከቁጠባ ከማራቁ በላይ፣ የውሃ አገልግሎት ድርጅቱን ትክክለኛውን ጥያቄ እንዳይጠይቀው ያደርገዋል።

ገቢ የማያስገኝ ውሃ ማለት ወደ መስመር ከገባው ውሃ ላይ ሂሳብ የተጠየቀበት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ሂሳብ ተጠይቆበት ሳይከፈል የቀረ ውሃ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ እሱ ውዝፍ ዕዳ ነው፣ መዝገቡም ሌላ ነው። ስለዚህ «ገቢ የማያስገኘውን ያበዙት የማይከፍሉ መሥሪያ ቤቶች ናቸው» የሚለውም አይሠራም።

ከሐረማያ 100 ኩንታል ድንች ጭኖ ድሬዳዋ የወረደ ነጋዴ አስቡ። ማታ ሲተሳሰብ እጁ የገባው የ60 ኩንታል ገንዘብ ነው። አስተያየት ሰጪያችን «40 ኩንታል መንገድ ላይ ተዘራ» ይላል። ከፊሉ በእርግጥ በተቀደደ ጆንያ ወድቆ ይሆናል። ከፊሉ ግን ለለቅሶ ቤት በነፃ የተሰጠ ነው፤ ከፊሉን ሰው ሳያይ የወሰደው አለ፤ ከፊሉን ያረጀ ሚዛን አሳንሶ መዝኖታል፤ ከፊሉ ደብተር ላይ ሳይጻፍ ቀርቷል። በውሃው ዓለም በነፃ የተሰጠው የእሳት አደጋ ቦቴ የሚቀዳው፣ መስመር ከተጠገነ በኋላ ደለሉን ለማጠብ የሚለቀቀው ነው። የተወሰደው በሕገወጥ መስመር የሚቀዳው ነው። ሚዛኑ ቆጣሪ ነው፣ ደብተሩ የአንባቢው መዝገብ። መንገድ ላይ የተዘራውን ድንች ማንም አልበላውም። ሚዛን ያሳነሰው ግን ተቀቅሎ ተበልቷል፤ የጠፋው ብሩ ብቻ ነው።

በድርቅ ጊዜ ዋናው ነገር ይህ ልዩነት ነው። የደከመ ቆጣሪ ሲቀየር ድርጅቱ ብር ያገኛል፣ ጉድጓዱ ግን ውሃ አያገኝም። ውሃ የሚያስገኘው የሚሾልከውን መቀነስ ነው። (ቆጣሪው እውነቱን መናገር ሲጀምር ሰው አጠቃቀሙን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ያ ግን ከቁጠባ የመጣ ነው እንጂ ከጥገና አይደለም።) ስለዚህ «40 በመቶ» የሚለው ቁጥር «ቀዳዳው ቢደፈን 40 በመቶ ተጨማሪ ውሃ ይኖረን ነበር» ማለት አይደለም። ከሾለከውም ውስጥ በየመገጣጠሚያው ጠብ ጠብ የሚል፣ በማዳመጫ መሣሪያ እንኳ የማይያዝ አለ። የትም ከተማ ዜሮ አያደርሰውም።

የድንቹ ምሳሌ ከዚህ በላይ አይሄድም። ጆንያ ብዙ ሲጫንበት ብዙ ያፈሳል፤ ቧንቧ ግን ገዢ ኖረም አልኖረም፣ ውሃ ሞልቶት ግፊት እስካለበት ድረስ ሌት ተቀን ያፈሳል። መቶኛው ሰውን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ወደ መስመር ይግባ፣ 6,000 ሂሳብ ይጠየቅበት። ገቢ የማያስገኘው 4,000፣ ማለትም 40 በመቶ ነው። አሁን ነዋሪው ማሳሰቢያውን ሰምቶ አጠቃቀሙን በ1,000 ይቀንስ፤ ከጉድጓድ የሚሳበውም 9,000 ይሁን። 4,000ው ከቦታው አልተነቃነቀም። መቶኛው ግን ከ44 በላይ ሆነ። ሪፖርቱ ሲወጣ «እኛ ቆጠብን፣ እነሱ ብክነቱን ጨመሩ» ይባላል። የሆነው ግን ጉድጓዱ በየቀኑ ከ1,000 ሜትር ኩብ ጫና ማረፉ ነው።

በተቃራኒውም ያታልላል። ፈረቃ ሲጠብቅ መስመሩ ብዙ ሰዓት ባዶ ይውላል፤ ባዶ ቧንቧ አያፈስም። በቀን 24 ሰዓት ሙሉ የነበረ መስመር 8 ሰዓት ብቻ ቢሞላ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይደፈን የሚሾልከው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ይህን «ብክነት ቀነስን» ብሎ ማቅረብ ትክክል አይደለም። ባለሙያዎች መቶኛውን ትተው በአንድ ደንበኛ በቀን ስንት ሊትር እንደሚሾልክ፣ ያውም መስመሩ ሙሉ የሆነበትን ሰዓት ብቻ ቆጥረው የሚያሰሉት ለዚህ ነው። የባዶው ቧንቧ ሌላ ጣጣም አለው፦ ግፊት ሲጠፋ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ፈረቃው ሲደርስ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ውሃ አትጠጡት፤ በባልዲ ያዙትና ለመጸዳጃ ቤት ወይም ለወለል አውሉት።

ስለ ግፊት በቁጥር እንነጋገር። በ50 ሜትር ግፊት (50 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚፈጥረው ግፊት፣ 5 ባር አካባቢ) ላይ ያለ ቧንቧ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢኖረው በሰዓት ወደ 490 ሊትር፣ በቀን ወደ 12 ሜትር ኩብ ይለቃል። ይህ ትንሽ ቀዳዳ ወደ 600 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየቀኑ ይሞላል። ግፊቱ ወደ 25 ሜትር ቢወርድ 350 ሊትር በሰዓት ይሆናል። ቀዳዳው የፕላስቲክ ቧንቧ ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ግፊት ስንጥቁን ስለሚከፍተው፣ ግፊቱ ሲቀንስ የሚሾልከው በግማሽ ወይም ከዚያም በላይ ይወርዳል። ሐረር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት 1 ባር ያህል ይጨመራል። ስለዚህ የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ሲፈነዳ የላይኛው ሰፈር በደረቅ ቧንቧ ያድራል።

ድርጅቱን አጥብቆ መያዝ የሚቻለውም በዚሁ በግፊት ነው። ነዋሪው ሲቆጥብ መስመሩ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱን በቫልቭ የሚመጥን ሰው ከሌለ ከተቆጠበው ውሃ ከፊሉ በቀዳዳው ይወጣል። ቁጠባ ከግፊት ቁጥጥር ጋር ካልሄደ ፍሬው ይቀንሳል። ማሳሰቢያ የሚያወጣ አካል በዚያው ቀን «ሌሊት በየትኛው ዞን ግፊት ቀንሰናል» ብሎ አብሮ መናገር አለበት። በየቦታው የምንሰማው ክርክር ይህን አያነሳም፤ 40 በመቶ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሌሎች ከተሞች ላይ የሾለከውን የሚለኩበት መንገድ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ተኝቶ ሳለ ወደ ዞኑ የሚገባውን ውሃ ማየት ነው። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ይህ እንዳለ አይሠራም። በፈረቃ ከተማ ሰው ቢተኛም ሮቶው አይተኛም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሞላል። በዚያ ሰዓት የተለካውን ሁሉ «ብክነት» ያለ ሪፖርት ካያችሁ አትመኑት።

አንድ ሌላ አስተያየት ደግሞ አለ፦ «የሚፈሰው ምን ይሆናል፣ መሬት ገብቶ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል።» ድሬዳዋ ላይ ከፊሉ መሬት መግባቱ እውነት ነው። ግን የሚሰርገው በመጸዳጃ ጉድጓዶች መካከል አልፎ ነው፤ ናይትሬት ይዞ ይወርዳል፣ እንደገና ለመሳብም መብራት ይበላል። ለሐረር ክርክሩ ጭራሽ አይሠራም። ለአሥርት ዓመታት የሐረር ምንጭ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረቀ በኋላ ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ አንዱ በድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ከጉድጓድ ተስቦ ዳገቱን የሚወጣ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 700 ሜትር ለማንሳት፣ የፓምፑ ብክነት ሲታከልበት፣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል መብራት ይፈጃል። ሐረር ላይ የፈሰሰው ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ነው የሚሄደው፤ ድሬዳዋ ያለችው በአዋሽ ተፋሰስ ነው። ከመጣበት ጉድጓድ ተመልሶ አይገባም።

«ደቻቱ (ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የጎርፍ ወንዝ) ሞልቶ እያየን ምን ድርቅ አለ?» ለሚለው፦ ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ጉድጓድ የሚሞላው ደጋው ላይ ረጋ ብሎ ከሰረገው ነው፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። የጉድጓድ ድርቅ ዘግይቶ ይመጣል፣ ዘግይቶም ይሄዳል።

አሁን ከቆጣሪው ወዲህ፣ በቤታችን በኩል ወዳለው እንምጣ። ከቆጣሪ ወዲህ የሚባክነው ሂሳብ ስለሚጠየቅበት ከ40 በመቶው ውስጥ የለም፤ ከጉድጓዱ ግን እኩል ይወጣል። አንዱ ትልቅ ብክነት የሮቶ ሞልቶ መፍሰስ ነው። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ሮቶው ሲሞላ የሚዘጋው ባለ ኳስ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ነጭ ድንጋይ ይይዛል፣ ከዚያ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። ፈረቃው ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ ጣራ ላይ ሲፈስ ያድራል። ቫልቩን ፈትቶ ኮምጣጤ ውስጥ ማሳደር፣ ጎማው ከተበላ መቀየር ነው። አዲስ ውሃ ሲመጣ ያደረውን መድፋትም በየቤቱ የተለመደ ነው። ዕቃው ንጹሕና ክዳን ያለው ከሆነ አንድ ሳምንት የተቀመጠ ውሃ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ምንም አይሆንም።

የሚያፈስ መስመር እንዳለባችሁ ለማወቅ ፈረቃችሁ በሆነበት ቀን፣ ሮቶው ከሞላ በኋላ፣ ወደ ሮቶው የሚሄደውን ቫልቭ ጨምሮ ሁሉንም ዝጉ። ከዚያ ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ትንሿን ተሽከርካሪ 15 ደቂቃ ተመልከቱ። ከዞረች ከቆጣሪው እስከ ዘጋችሁት ድረስ ያለው መስመር ያፈሳል። ውሃ በሌለበት ቀን ካደረጋችሁት ሁልጊዜ «ደህና ነው» ይላችኋል። ለመጸዳጃ ቤት ሲፎን ደግሞ የቡና አተላ ያጠቆረውን ውሃ አጥልላችሁ ታንከሩ ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ሳትለቁት ቆዩ፤ ቀለሙ ሳህኑ ላይ ከታየ የታችኛው ጎማ አይዘጋም።

ቆጣሪያችሁን ከጠረጠራችሁ 100 ሊትር ቀድታችሁ ንባቡን አስተያዩ። ጀሪካን እስከ አፉ ከተሞላ ከ20 ሊትር በላይ ስለሚይዝ፣ በመጀመሪያ በባለ 2 ሊትር ሃይላንድ 10 ጊዜ ጨምራችሁ 20 ሊትሩ የሚደርስበትን ምልክት አድርጉበት። በደንብ በተከፈተ ቧንቧ አምስት ጀሪካን ስትቀዱ አዲስ ቆጣሪ ከ98 እስከ 102 ሊትር ማሳየት አለበት። «ቆጣሪው አየር ይቆጥራል» የሚለው ወሬ እውነት ነው፤ ባዶ መስመር ሲሞላ የሚገፋው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። ፉጨት ስትሰሙ ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ቫልቭ ዘግታችሁ ውሃው ሲደርስ ክፈቱ። ሁሉም ሰው ከዘጋ ግን አየሩ ከፍ ባለው የመስመር ክፍል ተቀርቅሮ ውሃውን ያዘገየዋል። ስለዚህ ቋሚ መፍትሔው በመስመሩ ከፍታዎች ላይ አየር ማስወጫ መግጠም ነው፤ ያ የድርጅቱ ሥራ ነው። ሮቶ ሊሞላ ሲል በቀጭኑ የሚገባውን ውሃ ደግሞ ያረጀ ቆጣሪ ጭራሽ አይቆጥረውም፤ አንዱ ቆጣሪ በነዋሪውም በድርጅቱም ላይ በየተራ ይሳሳታል።

ድርጅቱን ስትጠይቁ በመቶኛ አትጠይቁ። የሾለከው በሜትር ኩብ ስንት ነው፣ መስመሩ በቀን ስንት ሰዓት ሞልቶ ነው የተለካው፣ ከጥቆማ እስከ ጥገና በአማካይ ስንት ቀን ይፈጃል በሉ። አንድ ቧንቧ በሰዓት 490 ሊትር እየለቀቀ አሥር ቀን ከቆየ 118 ሜትር ኩብ ነው፤ የጥገና ፍጥነትም እንደ ቀዳዳው ስፋት ይወስናል። የፈነዳ መስመር ስትጠቁሙም ቦታውን ብቻ አትናገሩ፤ ሲፈስ ያያችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ የዚያ ሰፈር ፈረቃ መቼ እንደሆነ ጨምሩ። ፈረቃ ባልሆነበት ቀን የመጣ የጥገና ቡድን የሚያገኘው ደረቅ መሬት ነው፤ «ችግር የለም» ብሎ ጽፎ ይመለሳል።