ቴነሮች በፊልም፦ ከጎጃም ሆኖ ለሚያዳምጥ

ቴነር በኦፔራ ውስጥ ለወንዶች ከተለመዱት የድምፅ መደቦች ከፍተኛው ነው። ክልሉ ከፒያኖው መካከለኛ ዶ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ካለው ዶ ተነሥቶ አንድ ኦክታቭ ከፍ ወዳለው ዶ ይዘልቃል፤ በሄርዝ ሲለካ ከ131 እስከ 523 ገደማ ነው። ከጎጃም ድምፆች ለዚህ የሚቀርበው ቀረርቶ ነው፤ ሜዳ ላይ ያለ ማይክሮፎን፣ ደረት ሞልቶ፣ ከሩቅ እንዲሰማ የሚወጣ የወንድ ድምፅ ስለሆነ። የአዝማሪ መንገድ ሌላ ነው። አዝማሪ በሠርግ ድንኳን ወይም በጠጅ ቤት ከሰሚው አጠገብ ሆኖ የተቀበለውን ግጥም ስለሚያደርስ ቃሉ መጥራት አለበት። ቴነሩ ግን ኦርኬስትራውን አልፎ የአዳራሹን የመጨረሻ ወንበር መድረስ ስላለበት ድምፁ በ3,000 ሄርዝ አካባቢ እንዲደምቅ አድርጎ ያሠለጥነዋል። በዚያ ከፍታ የኦርኬስትራው ጉልበት ስለሚሳሳ ድምፁ ማይክሮፎን ሳይዝ ያልፋል።

ድምፁ ከሚ ወደ ሶል ሲያልፍ (ከ330 እስከ 390 ሄርዝ ገደማ) ከደረት ወደ ራስ የሚሻገርበት ስስ ቦታ አለ። ድጓ ላይ ዓመታት የቆየ የጎጃም ተማሪ ይህን መሻገሪያ ማንም ሳያመለክተው ይሰማዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጣሊያናዊው ቴነር ኤንሪኮ ካሩሶ በ1918 «ማይ ከዝን» በተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ሁለት ገጸ ባሕርያትን ተጫውቷል። ፊልሙ አልተሳካም፤ ሰው የሚፈልገው ድምፁን ነበርና። ካሩሶ በ1921 ስላረፈ ሲዘፍን የሚሰማበት የድምፅ ፊልም የለም። ያለን የሸክላው ድምፅ ነው።

ዘመኑን የቀየረው ኦገስት 6 ቀን 1926 ነው። በዚያ ምሽት ኒው ዮርክ ውስጥ በዋርነር ቲያትር ጆቫኒ ማርቲኔሊ ከ«ፓሊያቺ» ኦፔራ «ቬስቲ ላ ጁባ»ን ሲዘፍን በፊልም ታየ፣ ተሰማም። ሥርዓቱ ቫይታፎን ይባል ነበር፤ ድምፁ በፊልሙ ላይ ሳይሆን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ሸክላ ላይ ነበር የሚቀረጸው። ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ገጹ 11 ደቂቃ ያህል ስለሚሄድ ከ1,000 ጫማ (305 ሜትር) የፊልም ጥቅል ጋር እኩል ያልቃል። መርፌው ከተለመደው በተቃራኒ ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይጓዛል። ኦፕሬተሩ መርፌውን ሸክላው ላይ በተሠራው ቀስት፣ ፊልሙን ደግሞ መነሻ ምልክት ባለው ፍሬም ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ሞተር ያንቀሳቅሳቸዋል።

ችግሩ ፊልም ሲበጠስ ነው። የተጎዱትን ፍሬሞች ቆርጦ የቀጠለ ኦፕሬተር በቆረጠው ልክ ምስሉን ከድምፁ ያስቀድማል፤ 12 ፍሬም ቢወጣ በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ፊልም ግማሽ ሰከንድ ይዛባል፤ ዘፋኙ አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ይቀራል። ስለዚህ በወጣው ቁጥር ልክ ጥቁር ፍሬም መግባት ነበረበት። ሸክላውም 20 ጊዜ ያህል ከተጫወተ በኋላ አርጅቶ ይለወጣል። ካሜራው ጫጫታው ወደ ማይክሮፎኑ እንዳይገባ ድምፅ በማያሳልፍ ክፍል ስለሚዘጋ ማርቲኔሊ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ይህ እንደ ድክመት ሲነገር ይሰማል፤ ግን ትልቅ ጥቅም አለው፦ ምስሉና ድምፁ የተቀረጹት በአንድ ጊዜ ስለሆነ የምናየው ትንፋሽ የምንሰማው ትንፋሽ ነው። ስለ ቴነር አተነፋፈስ ለሚያጠና ሰው ከኋለኞቹ ባለቀለም ፊልሞች ይህ አጭር ፊልም ይበልጣል።

በ1930ዎቹ ጆን ማኮርማክ በአሜሪካ፣ ሪካርድ ታውበርና ያን ኪፑራ በጀርመንኛ፣ ቤንያሚኖ ጂሊ በጣሊያንኛ ፊልሞች ገኑ። የዚህ ዘመን አሳዛኝ ታሪክ የጆሴፍ ሽሚት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 ገደማ ስለነበር የኦፔራ መድረክ ጠበበው፤ ስሙን ያወጣው የበርሊን ሬዲዮ ነው። «አይን ሊድ ጌት ኡም ዲ ቬልት» የተባለው ፊልሙ በሜይ 1933 በርሊን ውስጥ ሲመረቅ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ ጥቂት ወራት ሆኗቸው ነበር፤ ሽሚት ደግሞ አይሁዳዊ ነው። ከአገር አገር ሲሸሽ ቆይቶ በ1942 በስዊዘርላንድ ተይዞበት በነበረው የስደተኞች ካምፕ አጠገብ በ38 ዓመቱ አረፈ።

ማሪዮ ላንዛ በ1951 «ዘ ግሬት ካሩሶ» ላይ ካሩሶን ሆኖ ተጫወተ። ሆሴ ካሬራስ ወደ ዘፈን የሳበው ይህ ፊልም መሆኑን ተናግሯል። ላንዛ እውነተኛ የኦፔራ ቴነር ነው ወይ የሚለው ክርክር አልበረደም፤ ሙሉ ኦፔራ መድረክ ላይ የተጫወተው ጥቂት ጊዜ ነውና፤ ከነዚህም አንዱ በ1948 በኒው ኦርሊንስ የቀረበው «ማዳማ በተርፍላይ» ነው። ድምፁ ግን አያከራክርም። በ1954 በወጣው «ዘ ስቱደንት ፕሪንስ» የምናየው ኤድመንድ ፐርደም፣ የምንሰማው ላንዛ ነው።

በ1956 ፍራንኮ ኮሬሊ «ቶስካ»ን በፊልም ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ያለው የ1980ዎቹ ዘመን ነው፦ ሉቺያኖ ፓቫሮቲ በ1982 በዳይሬክተር ፖኔል «ሪጎሌቶ»፣ ፕላሲዶ ዶሚንጎ በዚያው ዓመት በዘፊሬሊ «ላ ትራቪያታ»፣ በ1984 በሮሲ «ካርመን»፣ በ1986 በዘፊሬሊ «ኦቴሎ»። ከመጨረሻው የዴስዴሞና «የአኻያ ዛፍ» ዘፈን መቆረጡ ኦፔራውን አጉድሎታል።

ጁላይ 7 ቀን 1990 ሮም በካራካላ ፍርስራሽ ሦስቱ ቴነሮች (ፓቫሮቲ፣ ዶሚንጎ፣ ካሬራስ) በዙቢን ሜህታ መሪነት የዘፈኑት በማይክሮፎን ነው። ስለዚህ የድምፅን ግዝፈት በዚያ ቅጂ መለካት አይቻልም። በ1992 ዶሚንጎ «ቶስካ»ን ታሪኩ በተፈጸመባቸው የሮም ሥፍራዎች በቀጥታ ሥርጭት ዘፈነ፤ ኦርኬስትራው ሌላ ቦታ ስለነበር ዘፋኞቹ መሪውን የሚያዩት በሞኒተር ነበር።

የቆየ ፊልም ሲታይ አንድ መፈተን ያለበት ነገር አለ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል፤ የኛን አገር ጨምሮ ብዙ ቴሌቪዥኖች በ25 ይሠሩ ነበር። ፊልሙ ሳይስተካከል ወደ 25 ሲገለበጥ በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ የ100 ደቂቃው በ96 ያልቃል፤ ድምፁም የግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ሦስት አራተኛ ገደማ ከፍ ይላል። ቴነሩ ከሆነው በላይ ስስና ወጣት መስሎ ይሰማል። መፈተኛው የስልክ ቲዩነር፣ ማለትም የድምፅን ከፍታ በሄርዝ የሚያሳይ መተግበሪያ ነው። የ«ሪጎሌቶ»ው ዘፈን «ላ ዶና ኤ ሞቢሌ» በልማድ የሚያልቅበት ከፍተኛ ሲ (ከከፍተኛው ዶ በታች ያለው ኖታ) 494 ሄርዝ ነው፤ አንዳንድ ኦርኬስትራ ከፍ አድርጎ ስለሚቃኝ እስከ 498 ቢያሳይ ችግር የለውም። 515 አካባቢ ካሳየ ግን ፊልሙ ፈጥኗል፤ ፍጥነቱን ወደ 96 በመቶ ማውረድ ይበቃል። ድምፁ ስለሚርገበገብ የቲዩነሩ መርፌ ይዋልላል፤ መካከሉን መያዝ ነው። መሰንቆ ለዚህ አይሆንም፤ ጭራው የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ እንጂ በቋሚ ቁጥር አይደለምና።

ሌላው ፕሌይባክ ነው። ከ1930ዎቹ ወዲህ በአብዛኞቹ የሙዚቃ ፊልሞች ድምፁ ቀድሞ ስቱዲዮ ይቀረጻል፣ ቀረጻው ቦታ ላይ በስፒከር ይለቀቃል፣ ዘፋኙም ከንፈሩን ያስኬዳል። በሹክሹክታ የሚያስኬድ ዘፋኝ ወዲያው ይታወቃል፤ የጎን አጥንቱ አይሰፋም፣ የአንገቱ ጅማት አይገተርም፣ ከፍተኛ ዶ ላይ መንጋጋው አይወርድም። መድኃኒቱ ስፒከሩን ከፍ አድርጎ ዘፋኙን በሙሉ ድምፅ ማዘፈን ነው፤ ካሜራው የሚቀዳው ድምፅ ለማዛመጃ ብቻ ይቀመጣል። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ላይ የአዝማሪ ክሊፕ ለሚቀርጽም ያው ነው፣ አንድ ነገር ሲጨመርበት፦ መሰንቆ በፕሌይባክ ሲቀረጽ ከከንፈሩ ይልቅ መጀመሪያ የሚያጋልጠው የደጋኑ መመለሻ ነው። ዜማው ሲታጠፍ ደጋኑ ካልታጠፈ መሰንቆ የሚያውቅ ተመልካች ያያል፤ ስለዚህ ቅርብ ምስል ከመቅረጹ በፊት ተጫዋቹ የቀዳውን ዜማ ደጋኑን ይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም አለበት።