ቀረሶ በአፏ ትወልዳለች?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ ሲበለት ቆሞ ያየ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቀረሶ ከምትባለው ዓሣ አፍ ጥቃቅን ጫጩቶች ሲወጡ ያያል። «በአፏ ወለደች!» ቢል አይፈረድበትም። ግን አልወለደችም።

ሳይንሱ ቀረሶን «ኦቪፓረስ» ከሚላቸው እንስሳት ይመድባታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ኦቩም» እንቁላል፣ «ፓሬሬ» ደግሞ መውለድ ማለት ነው። ላም ግን «ቪቪፓረስ» ናት፤ «ቪቩስ» ሕያው ማለት ነውና። ግራ የሚያጋባው ላቲኑ ለሁለቱም አንድ ግስ መጠቀሙ ነው። በዚህስ አማርኛችን ይሻላል፤ ዶሮ ትጥላለች፣ ላም ትወልዳለች፣ ማንም አያምታታውም።

መለያው እንቁላሉ ከእናቲቱ ሰውነት ወጥቶ ይፈለፈላል ወይ የሚለው ነው። ቀረሶ እንቁላሏን ወንዱ በቆፈረው ጎድጓዳ ስፍራ ትጥላለች፤ ከዚያ በአፏ ለቅማ እስኪፈለፈል ትይዘዋለች። አፏ ጎጆ ነው እንጂ ማሕፀን አይደለም። በእነዚያ ቀናት እናቲቱ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። ጫጩቶቹ ዋና ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተሽቀዳድመው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።