ፍሎራይድ ምንድን ነው? ማፍላትስ ለምን አያጠፋውም?

«ውሃችን ፍሎራይድ አለበት ይላሉ፣ እኛ ግን አፍልተን ነው የምንጠጣው።» ይህ አባባል ከአዳማና ከወንጂ እስከ ሐዋሳ ድረስ ይሰማል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ የጤና ምክር ሰጪ «ቢያንስ 20 ደቂቃ ይንተክተክ» የሚል ጨመረበት። ምክሩን የሰማ ሰው ከሰሉን ይጨርሳል፣ ፍሎራይዱን ደግሞ ያበዛል።

ፍሎራይድ ተሕዋስ አይደለም፣ በሙቀት የሚሞት ነገር የለውም። ከአለት ወደ ውሃ የሟሟ ማዕድን ነው። ወጥ ጨው በዝቶበት እሳት ላይ ቢቆይ ምን ይሆናል? ውሃው ይተናል፣ ጨው እዚያው ይቀራል፣ ወጡ ይብስበታል። ፍሎራይድም እንዲሁ ነው። በሊትር 3 ሚሊግራም ያለበትን 5 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 4 ሊትር ቢቀር፣ ውስጡ ያለው 15 ሚሊግራም አልተነካም፤ አሁን በሊትር 3.75 ሆኗል። ሻይ ቅጠል ከተጨመረበት ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ፍሎራይድ ስለሚለቅ ከዚያም ያልፋል። ውሃ አጋርም ሆነ ሌላ ክሎሪን የሚገድለው ጀርም ነው፤ ጨው የበዛበትን ወጥ በነጠላ ብታጠሉት እንደማይቀንስ ሁሉ የሸክላ ማጣሪያም ፍሎራይድን አያስቀርም። የሽፈራው ዘር ድፍርሱን ያጠራል እንጂ በፍሎራይዱ ላይ አትተማመኑበት። ይህ ማለት ግን አታፍሉ ማለት አይደለም። ለተቅማጥና ለታይፎይድ ማፍላት ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ከፈላ በቂ ነው፣ 20 ደቂቃ ማንተክተክ ግን ለምንም አይጠቅምም።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት ምክንያት አለቱ የእሳተ ገሞራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ካልሲየም በብዛት ባለበት ውሃ ፍሎራይድ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል። የእኛ የጉድጓድ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ፍል ውሃ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከዚህ የተነሳ ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ጉድጓዶች እጅግ የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። «የአዳማ ውሃ ፍሎራይድ አለበት» የሚለው አነጋገርም የሚያናድደው ለዚህ ነው። የትኛው ውሃ? ከተማዋ የምትጠጣው የአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ ነው፤ የወንዝ ውሃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ያነሰ ፍሎራይድ አለው። በዙሪያዋ ያለው የጉድጓድ ውሃ ሌላ ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚታየው የጥርስ መበለዝ ነው፤ ይህም የሚከሰተው ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው። ቀለሙ ጥርሱ ሲሠራ የገባ ስለሆነ በብሩሽ አይለቅም። በ30 ዓመቱ ወንጂ ገብቶ ጥርሱ ቡናማ የሆነበት ሰው ምክንያቱን ከሲጋራ፣ ከጫትና ከሻይ ይፈልግ። አዋቂን የሚያሰጋው አጥንት ነው። በሊትር ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ያለበትን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱ ሊለወጥ ይችላል፤ አካል እስከማጉበጥ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በላይ ሲሆን ነው። ወንጂ በሕክምና ጽሑፎች ስሟ የሚነሳው በዚህ ነው፤ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ስምጥ ሸለቆ ፍሎሮሲስ (ፍሎራይድ በጥርስና በአጥንት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት) ያሳተሙት ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። ካልሲየም በጎደለው ምግብ ያደገ ሕፃን በተመሳሳይ ውሃ የበለጠ ይጎዳል፤ ስለዚህ የውሃ ጥናት ያለ አመጋገብ ጥናት ግማሽ ነው።

እንግዲህ ወደ ወጡ እንመለስ። ጨው ሲበዛ እናቶች ውሃ ይጨምራሉ ወይም ድንች ይጥላሉ። ውሃ መጨመር እዚህም ይሠራል፣ ሒሳቡ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው የከበደ ነው። በሊትር 4 ሚሊግራም ያለበትን አንድ ጀሪካን፣ 0.4 ካለበት አንድ ጀሪካን ጋር ብትቀላቅሉ 2.2 ይሆናል፤ ገና ከወሰኑ በላይ ነው። ለአንዱ ጀሪካን 0.4 ያለበትን ሦስት ጀሪካን ስትጨምሩበት ነው ወደ 1.3 የሚወርደው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፣ ለመቀላቀል ከእሱ የተሻለ አይገኝም።

ድንቹ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር በታፈነበት ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይከሰላል፣ ይሰበራል፣ ውሃ ያልፍበታል፤ ፍሎራይዱ ከአጥንቱ ማዕድን ጋር ይያዛል። በደንብ ካልከሰለ ውሃው ይሸታል፤ አየር ገብቶበት ወይም ሙቀቱ በዝቶ ከነጣ ደግሞ የመያዝ አቅሙን ያጣል። አጥንቱ ከየት መጣ፣ ማን አረደው፣ በጾምስ ይጠጣል ወይ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ካልተመለሰ ማጣሪያው ጥግ ይዞ ይቀራል። ድንቹ የሚጠግብበት ጊዜ ደግሞ አለ። የጠገበ ከሰል ውሃውን እንዳለ ያሳልፋል፤ ቀለሙም ጣዕሙም አይለወጥም። ስለዚህ በየወሩ የሚወጣው ውሃ መለካት አለበት፣ 1.5 ሲደርስ ከሰሉ ይቀየራል። በዩኒቨርሲቲ የምርምር በጀት የተተከሉ ማጣሪያዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ በጀቱ ለተከላና ለአንድ ዙር ልኬታ ይመደባል፣ ለሁለተኛው ከሰል ማንም አያስብም።

ሸብና ኖራ የሚጠቀመው የናልጎንዳ ዘዴም አለ። ውሃው አንድ ደቂቃ ፈጠን ተደርጎ፣ አምስት ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይማሰላል፣ አንድ ሰዓት ያህል ይዘቅጣል፣ ጥሩው ከላይ ይቀዳል። መጠኑ በየውሃው ስለሚለያይ በላቦራቶሪ መወሰን አለበት። ዝቃጩ ባልዲ ውስጥ ካደረ ፍሎራይዱን ይመልሳል፣ ሸብ ከበዛ ደግሞ ውሃው ይመራል፣ ከሸቡ የመጣ አሉሚኒየምም ውሃው ውስጥ ይቀራል።

ለሚለኩ ተማሪዎችም አንድ ነገር፦ ናሙናውን በፕላስቲክ ያዙ፣ ብርጭቆ ፍሎራይድን ሊስብ ይችላል። በሸብ የታከመን ውሃ በኤሌክትሮድ (ውሃ ውስጥ በሚነከር መለኪያ) ስትለኩ ባፈሩን፣ ማለትም ፍሎራይዱን ከአሉሚኒየሙ የሚያላቅቀውን ድብልቅ፣ አትርሱ። አሉሚኒየም የያዘው ፍሎራይድ ለኤሌክትሮዱ አይታይም፤ ያለ ባፈር የተለካ ውሃ የሌለ ድንቅ ውጤት ያሳያል። በክረምት አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ስለ በጋው አይናገርም።

ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ጥቂት ከሆነ ለመጠጥና ለወጥ ይዋል፣ ለገላና ለልብስ የጉድጓዱ ይበቃል፤ በቆዳ ይህ ነው የሚባል ፍሎራይድ አይገባም። ከቤተሰቡ ቅድሚያ የሚሰጠው በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ነው፣ ምክንያቱም የሚጠጣው ሁሉ በዚያ ውሃ ይበጠበጣል። ጡት የሚጠባው ይሻላል፤ እናቱ ያንኑ የጉድጓድ ውሃ ብትጠጣም ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ፍሎራይድ በጣም ጥቂት ነው።