ዘጌ በእግር፦ መኪና የማይደርስበት የጣና ዳርቻ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ጣና ሐይቅ ውስጥ ገባ ወዳለው ልሳነ ምድር፣ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ጀልባ ይይዛል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማል፣ ሥዕሎቹን ያያል፣ ይመለሳል። ጥሩ ነው። ግን ዳርቻውን ማየት ከፈለጋችሁ በየብስ ሂዱ። መኪናው አፋፍ የምትባል መንደር ላይ ያወርዳችኋል። ከዚያ ወዲያ ያለው በቡና ጫካ ውስጥ የሚሽሎከሎክ የእግር መንገድ ነው፣ ወደ ውሃው የሚወርዱ ቀጫጭን መንገዶችም ከእሱ ይገነጠላሉ።

ጣና ዙሪያ እንዲህ ያለ ጫካ ብዙ አልቀረም። ዘጌን ያተረፈው ሥርዓቱ ነው፦ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። በገዳማቱ ትውፊት ሥርዓቱን የሠሩት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ ከበትራቸው ስብርባሪ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይባላል። ዛሬም ሰዉ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ሞፈር ያልነካው፣ ላም ያልረገጠው መሬት ስለሆነ ዛፉ እስከ ውሃው ጠርዝ ይወርዳል፣ እኔ በጣና ዳር ከዚህ የሚበልጥ ጥላ አላውቅም። ጫካው ዱር ቢመስልም እያንዳንዱ ቡና ባለቤት አለው፤ እንዳትቀጥፉ።

አሸዋ አትጠብቁ። ዳርቻው ጥቁር ድንጋይ ነው። መስከረም ላይ ሐይቁ ሞልቶ ዛፎቹ ሥር ይደርሳል፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ሸሽቶ መቀመጫው ይሰፋል። ቁጭ ብላችሁ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ሲያልፍ ማየት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ አትዋኙ፣ እግራችሁንም አትንከሩ። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባል ከትል የሚመጣ በሽታ አለ። ትሉ የሚያድገው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ሰውዬውም ላያውቀው ይችላል። ሕመሙ ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ውሃው ነክቷችሁ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ተመርመሩ፣ ጣና እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን አለው።

ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከጥቅምት ወዲህ ይሻላል። በጠዋት ተነሱ፣ ውሃ ያዙ፣ የአገሩን ልጅ ይዛችሁ ግቡ፣ ምክንያቱም መንገዶቹ ይመሳሰላሉ። የመመለሻ መኪናውንም ሰዓት አፋፍ ላይ ሳትጠይቁ ጫካ አትግቡ።