ዲኤችሲፒ፦ ስልካችን አድራሻ የሚያገኝበት መንገድ

ፒያሳ አንዱ ካፌ ገብታችሁ የዋይፋይ ፓስወርድ ስታስገቡ፣ ስልኩ ኢንተርኔት ከመክፈቱ በፊት የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ መጠየቅ አለበት። ያለዚያ ቁጥር መልስ የሚደርሰው የለም። ቁጥሩን በራሱ የሚያድለው አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል።

ድሮ ባለሙያው በየኮምፒውተሩ እየዞረ ቁጥሩን በእጁ ያስገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ቡትፒ የሚባል ዘዴ መጣ፤ እሱም ቢሆን እያንዳንዱን ማሽን አስቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል። ዲኤችሲፒ በ1993 ወጣ። ዛሬም መሠረት የሆነው ሰነድ ግን ራልፍ ድሮምስ ያዘጋጀው የ1997ቱ ነው።

ሥራው በአራት መልእክት ያልቃል። ስልኩ ገና አድራሻ ስለሌለው 0.0.0.0 ብሎ ይነሳና ወደ 255.255.255.255፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ፣ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጣራል። ራውተሩ «192.168.1.37 አለልህ» ይለዋል። ስልኩ «እሱን እወስዳለሁ» ሲል አሁንም ሁሉም እየሰማ ነው፤ ሌላ ሰርቨር (አድራሻ የሚያድል ማሽን) ቁጥር አቅርቦ ከነበረ እንዳልተመረጠ አውቆ ቁጥሩን እንዲመልስ ነው። በመጨረሻ ራውተሩ ያጸድቃል። አብሮም የመውጫውን ራውተር አድራሻና የዲኤንኤስ ሰርቨሩን (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን) ይነግረዋል።

ቁጥሩ የሚሰጠው በኪራይ ነው። የኪራዩ ጊዜ ሲጋመስ ስልኩ እንዲራዘምለት ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ 87.5 በመቶው ላይ ሲደርስ ያገኘውን ሰርቨር ሁሉ ይጠይቃል። ካፌዎቻችን የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.254 ባለው ክልል አንዱን ራውተሩ ራሱ ከያዘ ለደንበኛ የሚተርፈው ቢበዛ 253 ነው፤ ብዙ ራውተር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚያድለው። ኪራዩ 24 ሰዓት ከሆነ ማኪያቶውን ጠጥቶ ወዲያው የወጣ ሰው ቁጥሩን እስከ ነገ እንደያዘ ነው። ከዚያም ከሥራ የሚወጣው ሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ካፌው ሲገባ ቁጥር አልቋል። ሰው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ያማርራል፣ መስመሩ ግን ደህና ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ማሽኑ መልስ አጥቶ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። የካፌ ባለቤቶች፣ እባካችሁ የኪራዩን ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት አውርዱት። ራውተሩን ሪስታርት ማድረግ ብቻውን ለዘለቄታው አይፈታውም።

የቢሮዎች ችግር ሌላ ነው። ዲኤችሲፒ የሚመልስለትን ማንነት አያጣራም። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ፎቅ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ የራሱን ራውተር ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ቢሰካ፣ ያ ራውተርም አድራሻ ማደል ሊጀምር ይችላል፤ ቀድሞ የመለሰለትን ያመነ ኮምፒውተር ሁሉ ወደማይሆን አቅጣጫ ይሄዳል። ተንኮለኛ ሰውም በዚሁ መንገድ ትራፊኩን ወደ ራሱ ሊያዞር ይችላል። ደህና ስዊች (የቢሮውን ኬብሎች የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባለውን መክፈት ነው መፍትሔው፤ ከተፈቀደለት ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ውጪ የሚመጣን የአድራሻ መልስ ይጥለዋል።

ፕሪንተር ግን ቁጥሩ ባይቀያየር ይሻላል። ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻው (ከፋብሪካ ይዞት በሚወጣው መለያ) ቋሚ ቁጥር ያዙለት።