ኮንቴንት ሞደሬሽን ምንድን ነው?

አንድ ወዳጄ የድሮ ፎቶዬን ከየት ቆፍሮ እንዳወጣው እንጃ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጠፈው። የጸጉሬን ነገር አታንሡብኝ። ከሥሩ «ዛሬስ አልምርህም፣ እገልሃለሁ!» ብዬ ጻፍኩለት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ኮመንቴ ጠፋ። ማስፈራራትን የሚከለክለውን ደንብ ጥሰሃል የሚል መልእክት መጣ። ሦስት ቀን ምንም መጻፍ አትችልም ተባልኩ።

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «ሳንሱር!» የሚለው ቃል ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው ይህንኑ ይላል፤ «ሐሳቤን በነፃነት የመግለጽ መብቴ ተጣሰ» ብሎም ይጨምርበታል። ንዴቴ በረድ ሲል ግን ሁለት ነገር፣ ሳንሱርንና ኮንቴንት ሞደሬሽንን፣ እያምታታሁ እንደነበር ገባኝ።

ኮንቴንት ሞደሬሽን ማለት የአንድ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ባለቤት ሰዎች ከሚለጥፉት ውስጥ የቱ ይቆይ፣ የቱ ይነሣ ብሎ የሚወስንበት ሥራ ነው። የይዘት ቁጥጥር የሚሉትም አሉ። እኔ «ቁጥጥር» የሚለው ቃል ይከብደኛል፤ ፖሊስ ፖሊስ ይሸታል። ሥራው ማጥፋት ብቻም አይደለም። ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፣ የዕድሜ ገደብ ይደረጋል፣ አካውንት ይታገዳል። አንዳንዴ ደግሞ ፖስቱ አይነካም፤ አልጎሪዝሙ (ለማን ምን እንደሚታይ የሚመርጠው ፕሮግራም) ወደ ታች ይገፋውና ማንም ሳያየው ይቀራል። ይሄኛው ለእኔ ከማጥፋት ይብሳል፤ ሰውየው መቀጣቱን እንኳ አያውቅም።

ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት በዋናነት መንግሥት አፍ እንዳይዘጋ የሚከለክል አጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ሲጀምር የሚጠራው ሕግ አውጪውን ኮንግረስን ነው፤ ንግግርን የሚገድብ ሕግ እንዳታወጣ ይለዋል። ስለ ግል ድርጅት ምንም አይልም። ጋዜጣ ጽሑፌን አላትምም ቢለኝ እናደዳለሁ እንጂ መብቴን ነጠቀኝ ብዬ ፍርድ ቤት አልሄድም። እንዲያውም የሌላውን ሐሳብ በግድ አትም ከተባለ መብቱ የሚጣሰው የጋዜጣው ነው። መንግሥት ከኋላ ሆኖ «ይህን አጥፋ» ብሎ ካስገደደ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ሳንሱር የሚለው ቃል ቦታው ነው።

«ሁሉም ሰው እዚያው በሚውልበት መድረክ ላይ ባለቤቱ ከመንግሥት በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መሠረትም አለው። አላባማ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ቺካሶ የምትባል ከተማ መንገዷም፣ ሱቋም፣ ቤቷም የአንድ መርከብ ሠሪ ኩባንያ ንብረት ነበር። ግሬስ ማርሽ የምትባል የይሖዋ ምሥክር እግረኛ መንገዱ ላይ የሃይማኖት ጽሑፍ ስታድል ተያዘች። በሰው ይዞታ ያለፈቃድ ቆይተሻል ተብላ ተፈረደባት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946 ፍርዱን ሻረላት። ከተማ ሆኖ የሚሠራ ኩባንያ እንደ ከተማ ይታያል አለ።

ድረ ገጾችን የከሰሱ ሰዎች ይህን ፍርድ ደጋግመው ጠቅሰውታል፤ ብዙም አልጠቀማቸውም። ያው ፍርድ ቤት በ2019፣ በአንድ የኒውዮርክ የኬብል ቴሌቪዥን ክርክር ላይ፣ ሰዎች የሚናገሩበትን መድረክ ማዘጋጀት ብቻውን የግል ድርጅትን መንግሥት አያደርገውም ሲል ወሰነ። ፍሎሪዳና ቴክሳስ በ2021 ትልልቆቹ መድረኮች ይዘት የማንሣት ሥልጣናቸውን የሚገድቡ ሕጎች አወጡ። በ2024 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ወደ ሥር ፍርድ ቤቶች ተመለሰ። ፍርድ ቤቱ ሲመልሰው ግን የሰዎችን ጽሑፍ መርጦና ደርድሮ ማቅረብ ራሱ ጥበቃ የሚገባው ንግግር ነው የሚል ማብራሪያ አክሎበታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ማጽዳት ራሱ ያስጠየቀበት ታሪክ ነው። በ1991 ኮምፑሰርቭ የተባለው የኦንላይን አገልግሎት ሌሎች በጻፉት ስም አጥፊ ጽሑፍ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ነፃ አወጣው። ጽሑፉን ቀድሞ አያነብም ነበርና እንደ መጻሕፍት መደብር ታየ። ባለመደብር መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አንብብ አይባልም።

ከአራት ዓመት በኋላ ለተፎካካሪው ለፕሮዲጂ ተራው ደረሰው። ፕሮዲጂ ለቤተሰብ የሚሆን ጨዋ አገልግሎት ነኝ ባይ ነበር። ደንብ ነበረው። ስድብ የሚያጣራ ሶፍትዌርና ውይይቱን የሚመሩ ሰዎችም ነበሩት። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እዚያ ላይ ስትራተን ኦክሞንት የተባለውን የአክሲዮን ደላላ ድርጅት አጭበርባሪ ነው ብሎ ጻፈ። ድርጅቱ 200 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ፕሮዲጂን ከሰሰ። የኒውዮርኩ ዳኛ ለከሳሽ አደላ፤ ፕሮዲጂ ራሱ እየመረጠ የሚያነሣ ስለሆነ እንደ አሳታሚ ይጠየቃል አለ። (ስትራተን ኦክሞንት በኋላ ከዘርፉ ተባረረ፤ ዋና ሰዎቹም ማጭበርበራቸውን አምነው እስር ቤት ገቡ። ያ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ምን ተሰምቶት ይሆን?)

እስቲ አስቡት። ቤቱን የጠረገ ይቀጣል፣ ቆሻሻውን እያየ ዝም ያለ ነፃ ይወጣል። ታዲያ የትኛው ባለቤት መጥረጊያ ያነሣል?

ይህ ያሳሰባቸው ሁለት የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ ሪፐብሊካኑ ክሪስ ኮክስና ዴሞክራቱ ሮን ዋይደን፣ ዛሬ አንቀጽ 230 የሚባለውን አረቀቁ። በ1996 ሕግ ሆነ። አንደኛው ክፍሉ ሌላ ሰው ለጻፈው ነገር ድረ ገጹ እንደ አሳታሚ አይቆጠርም ይላል። ይሄኛውን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ሁለተኛው፣ ባለቤቱ አስነዋሪ ነው ያለውን ይዘት በቅን ልቦና ቢያነሣ አይጠየቅም ይላል፤ ይዘቱ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ቢሆን እንኳ። ይህቺ የመጨረሻዋ ሐረግ ሕጉ ውስጥ በግልጽ ተጽፋለች። ስለዚህ «ወይ ገለልተኛ ይሁኑ፣ ወይ እንደ አሳታሚ ይጠየቁ» የሚል ክርክር ስሰማ ይገርመኛል። ሕጉ የወጣው ያንን ምርጫ ለማስቀረት ነው። የፌዴራል ወንጀልንና የቅጂ መብትን ግን አይሸፍንም።

ባለቤቱ የማንሣት መብት አለው ማለት ያነሣው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። በ2016 ፌስቡክ በቬትናም ጦርነት በናፓልም የተቃጠለች ራቁቷን የምትሮጥ ሕፃን የምታሳየውን ዝነኛ የ1972 ፎቶ አነሣ። ደንቡ የሕፃናትን እርቃን ይከለክላላ! የኖርዌዩ ጋዜጣ አፍተንፖስተን ዋና አዘጋጅ የፊት ገጹ ላይ ለፌስቡኩ አለቃ ለዙከርበርግ ግልጽ ደብዳቤ አወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኤርና ሶልበርግ ፎቶውን ለጠፈችው፤ የእሷም ተነሣ። ጩኸቱ ሲበረታ ፌስቡክ ፎቶውን መለሰ። ሕግ የጣሰ አልነበረም፤ ተሳስቶ ነበር። ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ያልሆነ ሰው ለማን ይጮኻል?

ስሕተት የሚበዛው ሥራው ስለሚበዛ ነው። መጀመሪያ ማሽን ያያል። ቀድሞ ተለይቶ የታወቀ ሕገወጥ ምስል ከሆነ የምስሉን ዲጂታል አሻራ አመሳስሎ ወዲያው ይይዘዋል፤ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ቃል ሲሆን ግን ሰሙን ያገኝና ወርቁን ይስተዋል። «በሳቅ ገደልከኝ» የሚል ሰው እንደማይሞት ማን ይንገረው? ማሽኑ የተጠራጠረውንና ሰው ሪፖርት ያደረገውን ደግሞ ሠራተኞች ይመለከቱታል። ቀኑን ሙሉ የሰው አንገት ሲቆረጥና ሕፃን ሲደበደብ የሚያዩ ናቸው። በ2020 ፌስቡክ ሥራው የአእምሮ ጉዳት አደረሰብን ብለው ለከሰሱት የቀድሞና የወቅቱ ሞደሬተሮች 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስለ ነፃነት ስንከራከር እነዚህን ሰዎች የሚያነሣቸው ጥቂት ነው።

ለዚህ ነው እኔ «መብቴ ተጣሰ ወይ?» ከሚለው ይልቅ «የትኛውን ደንብ ጣስኩ፣ ማን ወሰነ፣ ይግባኝ የምለው ለማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይሻላል የምለው። የአውሮፓ ኅብረት የሄደበት መንገድ ይህ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ መድረኮች ይዘት ሲያነሡ ምክንያቱን ለለጠፈው ሰው እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። መድረኩ ትንሽ ድርጅት ካልሆነ በቀር ቅሬታ የሚቀበልበት መንገድም ሊኖረው ይገባል። በቅሬታው ላይ ማሽን ብቻውን መወሰን አይችልም።

እኔም ይግባኝ የሚለውን ነካሁ። «ቀልድ ነው፣ ጓደኛዬ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን፣ እገዳው በራሱ ካለቀ በኋላ ማለት ነው፣ ስሕተት ተፈጥሯልና ኮመንትዎ ተመልሷል የሚል መልእክት መጣ። ሮጬ ሄጄ ሳይ ወዳጄ ፎቶውን አጥፍቶታል።