ስድስቱም በአንድ ድንጋይ፦ ስለ ፖኬሞን ቡድን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ስድስቱም የተለያየ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ቡድኔ ሚዛናዊ ነው።» ፖኬሞን የሚጫወት ሰው ቡድኑን ሲያሳየኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚናገረው ይህንን ነው። እሳት አለኝ፣ ውኃ አለኝ፣ ኤሌክትሪክ አለኝ እያለ በጣቱ ይቆጥርልኛል። ፖኬሞን ፍጡራንን በቡድን አሰልፎ የሚጋጠሙበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ፍጡር አንድ ወይም ሁለት ዓይነት አለው፤ የትኛው ጥቃት ይበልጥ እንደሚጎዳው የሚወስነውም ይኸው ዓይነቱ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ማስረዳት ስለሰለቸኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

የእህቴ ልጅ ደረቱን ነፍቶ ያሳየኝን ቡድን እንውሰድ፦ አርካናይን፣ ቮልካሮና፣ ዊቪል፣ ጋያራዶስ፣ ዛፕዶስ እና ድራጎናይት። በጨዋታው ካሉት 18 ዓይነቶች ስምንቱ እዚህ ተሰብስበዋል፤ እሳት፣ ነፍሳት፣ በረዶ፣ ጨለማ፣ ውኃ፣ በራሪ፣ ኤሌክትሪክ እና ዘንዶ። በጣት ለሚቆጥር ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም። «የድንጋይ ጥቃት ቢመጣብህ ማንን ታስገባለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አያቸው፤ ደግሞ አያቸው፤ ዝም አለ።

እሳት፣ ነፍሳት፣ በረዶ እና በራሪ አራቱም በድንጋይ ጥቃት ይጎዳሉ፤ ከስድስቱ መካከል ከእነዚህ አንዱን ያልያዘ የለም። አምስቱ እጥፍ ጉዳት ይደርስባቸዋል። እሳትም ነፍሳትም የሆነችው ቮልካሮና ደግሞ አራት እጥፍ ይደርስባታል። ተጋጣሚው የድንጋይ ዓይነት የሆነውን ታይራኒታርን ብቻ ቢያሰልፍ፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሌላ ማስገባት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ስቴልዝ ሮክ የተባለውን ወጥመድ ከዘረጋማ መሸሹ ራሱ ያስቀጣል፤ አምስቱ ወደ ሜዳ በገቡ ቁጥር የሙሉ ጉልበታቸውን ሩብ፣ ቮልካሮና ግማሹን ታጣለች። ገና አንድ ጥቃት ሳይሰነዘር ማለት ነው።

አሁን ከዚያው ቡድን ጋያራዶስን ብቻ አስቀርተን ፌሮቶርንን ከጎኑ እናቁመው። ውኃና በራሪ የሆነው ጋያራዶስ ሁለት ነገር ብቻ ይፈራል፤ ኤሌክትሪክን አራት እጥፍ፣ ድንጋይን እጥፍ። ሣርና ብረት የሆነው ፌሮቶርን ሁለቱንም በግማሽ ጉዳት ይቀበላል። ፌሮቶርን በበኩሉ የሚፈራው እሳትንና የትግል ጥቃትን ነው፤ ጋያራዶስ ደግሞ እነዚህን ሁለቱን በግማሽ ይቀበላል። ተጋጣሚው መብረቅ ሊለቅ ሲል ፌሮቶርን ይገባል፤ ይህን አይቶ ወደ እሳት ሲዞር ጋያራዶስ ይመለሳል። አንዱ የሚፈራውን ሌላው ይቀበልለታል፤ ሚዛን የምለው ይህንን ነው።

ስለዚህ ቡድን ስትሠሩ ወረቀት አውጡ። ስድስቱን ስሞች በአንድ በኩል፣ 18ቱን ዓይነቶች በሌላ በኩል ጻፉና ለእያንዳንዱ ዓይነት ስንቶቹ እንደሚጎዱ፣ ስንቶቹ እንደሚቋቋሙ ቁጠሩ። ሦስት የሚጎዱበት፣ የሚቋቋመው ግን አንድም የሌለበት ረድፍ ካገኛችሁ አንዱን ለውጡ። የምትወዱትን መለወጥ ካልሆነላችሁ ከጎኑ ያለውን ለውጡ። አሰልቺ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተሸንፎ መጥቶ «ዕድሌ ነው» ማለት ግን ከዚህ የባሰ ያሰለቻል፤ በተለይ አድማጩን።

ሁለተኛው ቅሬታዬ «ትልቅ ቁጥር ያለው ጥቃት ይሻላል» የሚሉትን ይመለከታል። ከውኃ ጥቃቶች የሰርፍ ኃይል 90 ነው፣ የዋተርፎል 80 ነው፤ ስለዚህ ለጋያራዶስ ሰርፍ ይሰጡታል። ዋተርፎል አካላዊ ጥቃት ነው፤ ጉዳቱ የሚሰላው ከአካላዊ ማጥቂያው ሲሆን እርሱም 125 ነው። ሰርፍ የሚሰላው ከልዩ ማጥቂያው ሲሆን እርሱ ደግሞ 60 ብቻ ነው። አባዙት፤ 10000 ከ5400 ጋር ነው። እርግጥ ይህ ስህተት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዳይመንድና ፐርል የተባሉት የፖኬሞን ጨዋታዎች እስኪወጡ ድረስ አካላዊ ወይም ልዩ መሆንን የሚወስነው የጥቃቱ ዓይነት ነበር፤ የውኃ ጥቃትም ሁሉ ልዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጥቃት የራሱ ምድብ አለው። በልጅነቱ ተጫውቶ የተመለሰ ሰው ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ተነግሮት ከተከራከረ ግን ይፈረድበታል።

አንድ ፖኬሞን የሚይዘው አራት ስልት ነው፤ «አራቱም ቦታ በማጥቂያ ይሞላ» የሚሉም አሉ። በቀጥታ የማያጠቃ ስልትም ዋጋ አለው፤ ለምሳሌ ተጋጣሚውን ማቃጠል አካላዊ ጥቃቱን በግማሽ ይቀንሳል።

«ፈጣን ያሸንፋል» ለሚሉ፦ ትሪክ ሩም የተባለው ስልት ለአምስት ዙር ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ ፍጥነቱ 20 ብቻ የሆነው ቶርኮል ቀድሞ ይመታል።

«ጠንካራ የሚባሉትን ብቻ ሰብስብ» የሚለውን በእርጋታ ለመስማት ትዕግሥት የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ኮሪያዊው ሴ ጁን ፓርክ ያሸነፈው ፓቺሪሱ የምትባለውን ትንሽ ሽኮኮ ከነጋርቾምፕ ጋር አሰልፎ ነው። የጋርቾምፕ መሠረታዊ ነጥቦች (ጉልበት፣ ማጥቂያ፣ መከላከያና ፍጥነት) ድምር 600 ነው፤ የእርሷ 405። ውድድሩ ሁለት ለሁለት የሚካሄድ ሲሆን በቡድኑ ውስጥ ጋያራዶስም ነበር። ፓቺሪሱ ፎሎው ሚ በተባለው ስልት ወደ ጓደኛዋ የተሰነዘረውን ጥቃት ወደ ራሷ ትስባለች፤ በተፈጥሮ ችሎታዋ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲመታት ከመጎዳት ይልቅ ጉልበቷ ይታደሳል። ጋያራዶስ አራት እጥፍ የሚፈራው ጥቃት ለእርሷ መድኃኒቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፓቺሪሱን ብቻ ገልብጠው «ሻምፒዮኑ የተጠቀመባት ናት» እያሉ የሚያሳዩኝ ሰዎች አልጠፉም። በቡድናቸው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈራ አንድም የለም። ታዲያ መብረቁን ለማን ብላ ትሳበው?